የሂርጂ ሰማያዊ

የእኔ ሥራ ቀለም መፋቅ ነው። ባለቤቴ ከሰው ሲያስተዋውቀኝ «ሌላው ቀብቶ ይከበራል፣ የኔዋ ፍቃ ትደክማለች» እያለ ያሾፍብኛል። ይሹፍ። እሱ አንድ አሮጌ ፉርጎ ስንት ልብስ ደራርቦ እንደሚኖር አይቶ አያውቅም። አንዲት ቦታ መርጬ በብርጭቆ ወረቀት ክብ ክብ እያደረግኩ ቀስ ብዬ ስፈገፍግ የላይኛው ቀለም ያልቅና የታችኛው ብቅ ይላል፤ ከሱ ሥር ሌላው፣ ከዚያም ሥር ሌላው። መጨረሻ ላይ እንጨቱ ይመጣል። የምፈልጋት ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀችውን የመጀመሪያዋን ቀለም ነው። እሷን ካገኘሁ በኋላ መንትያዋን በጥብጬ ለቀቢዎቹ እሰጣለሁ።

በዚያ ዓመት ራንጋድ ላለው የባቡር መጠገኛችን የተሰጠው የሴቶቹ ፉርጎ ነበር። ራንጋድ ራጃ የሚባል የራሷ ንጉሥና የራሷ ጠባብ ሐዲድ በነበራት ዘመን፣ የራጃው እናትና ሚስቶች ሲጓዙ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው በዚህ ፉርጎ ነበር የሚሄዱት። መስኮቶቹ ግድግዳው ውስጥ ወዳለ ኪስ የሚንሸራተቱ የእንጨት መዝጊያዎች አሏቸው። ራጃዎቹ ከቀሩ በኋላ የተቆጣጣሪዎች ማደሪያ ሆነ፣ ቀጥሎ የተሰበረ ፋኖስ ማከማቻ፣ በመጨረሻም የዘበኛው ዶሮዎች ሰፈሩበት። አሁን ታድሶ ሙዚየም ሊገባ ነው። አለቃችን ኢንጂነር ቫይዲያ፣ ሁላችንም ሳሄብ የምንላቸው፣ አንድ ሕግ ብቻ ነው ያላቸው። ፉርጎ መጀመሪያ የተቀባውን ቀለም ይቀባል፣ መገመት የሚባል ነገር የለም።

ሥራውን እንደጀመርን አንዲት አሮጊት በሪክሾ መጡ። ነጭ ሳሪ ለብሰዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል፣ ሹፌሩን ስለ አነዳዱ እየገሰጹ ነው የወረዱት። ሞንጊባ እባላለሁ አሉ። ስማቸውን አላውቀውም ነበር፤ የሂርጂ ልጅ ነኝ ሲሉ ግን መፋቂያዬን አስቀመጥኩ።

በራንጋድ አረንጓዴውን ሂርጂ የማያውቅ የለም። ራጃው ለልጁ ሠርግ የሴቶቹ ፉርጎ እንደ ጣዎስ አንገት ሰማያዊ ይሁን ብሎ ከቦምቤይ ውድ ቀለም አስመጣ። ሂርጂ ሚስትሪ የተባለው የከተማው ቀቢ ቀባው። ሕዝቡ ወጥቶ አይቶ አፉን ያዘ ይባላል። ከሠርጉ በኋላ ፉርጎው መጋዘን ገባ። በዓመቱ ሴቶቹ ሊሳለሙ ቤተ መቅደስ ሲሄዱ መጋዘኑ ቢከፈት ፉርጎው አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ፤ የኩሬ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ዓይነት አረንጓዴ። ራጃው፣ ሰማያዊዬን ሸጦ በገበያ ቀለም ሸነገለኝ አለ። የሂርጂ ራስ ላይ አረንጓዴ ቀለም አፍስሰው፣ ከነቤተሰቡ ከግዛቱ አስወጡት። ከዚያ በኋላ ፉርጎ ነክቶ አያውቅም፤ የበሬ ቀንድና የጋሪ ጎማ እየቀባ ሞተ። እኔ ልጅ ሆኜ ጨዋታ ላይ ያጭበረበረውን ሁሉ «ሂርጂ» እያልን ነበር የምናባርረው። ይህን ለሞንጊባ አልነገርኳቸውም፤ ግን ያውቁታል።

በርጩማ ሰጠኋቸው፣ አሬራ አስመጣሁላቸው። ጥቂት ከጠጡ በኋላ የመጡበትን ተናገሩ።

«አባቴ ሰማያዊ ነው የቀባሁት እያለ ነው የሞተው። እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ እኔም አላመንኩትም። ለሰው ሁሉ ንጹሕ ነው እላለሁ፣ ማታ ስተኛ ግን ሰማያዊ ምን ሆኖ አረንጓዴ ይሆናል እላለሁ። ግማሽ ልቤ ሌባ ይለዋል። አንቺ ስትፍቂ የእጁን ሥራ ታገኚዋለሽ። ያየሽውን ንገሪኝ። እንዳታዝኚልኝ፣ ብቻ ንገሪኝ።»

እሺ አልኳቸው። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ሳሄብ ይህን ሲሰሙ፣ ቀለሙ ምን ይሁን ምን ለሕዝብ ማሳያ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የተገኘው ነው አሉኝ። ፉርጎው አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ ተቀብቶ ሙዚየሙ በር ላይ ይቆማል፤ ሂርጂ ሌባ እንደነበረ ለዘላለም ተጻፈ ማለት ነው። ያን የምጽፈው ደግሞ እኔው ነኝ።

ፋቅሁ። ከላይ የመንግሥት ግራጫ አለ፣ ከሥሩ ጡብ የሚመስል ቀይ፣ ከሱ ሥር የወተት ስልባቦት የመሰለ ክሬም፣ ከዚያ ጥቁር ቡናማ። ከሁሉም ሥር አረንጓዴ። በበሩ በኩል ፋቅሁ፣ አረንጓዴ። በማዕዘኑ፣ ከቁጥሩ ሰሌዳ ጀርባ፣ ከመያዣው ብረት ሥር፣ አረንጓዴ። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ፣ አናጢው ፖፓት፣ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር አንገቱን አስግጎ ያይና «ባኑቤን፣ አሁንም ሌባ ነው?» ይለኛል። ሂድ ከዚህ እለዋለሁ። እሱ ሁሉ ነገር ጨዋታ ይመስለዋል።

መጨረሻ ላይ አንድ ተስፋ ቀረኝ። ከመስኮቶቹ የአንዱ መዝጊያ ገና ድሮ ግድግዳው ኪስ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ ስለዚህ ከሂርጂ በኋላ ማንም ብሩሽ አላሳረፈበትም። ፖፓት የግድግዳውን ጣውላ ነቅሎ አወጣልኝ። አቧራውን ጠረግሁት። ምንም መፋቅ አላስፈለገውም፣ የሂርጂ እጅ እንዳለ ነው፤ የብሩሹ ፀጉር የሄደበት መስመር ሳይቀር ይታያል። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። አንዲት የተንጠባጠበች ነጥብ የለችበትም። ደግሞም አረንጓዴ ነው።

ለሞንጊባ ላክሁባቸው። ሲመጡ ማለባበስ አልቻልኩበትም፣ እንዳላዝንላቸው ለምነውኛልና ያየሁትን ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እኛ የምንሠራበት መጋዘን ውስጥ ደግሞ ጨለማ ነው። እስቲ ብርሃን ላይ አሳዪኝ አሉ። መዝጊያውን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ሁለት ጡብ ላይ አጋደምኩላቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት፣ በመዳፋቸው ዳበሱት። ለስላሳ ነው አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «እሺ» አሉ፣ «እንግዲህ ይህንንም አየሁት»። ወደ ሪክሾው ሲሄዱ ሹፌሩን አልገሰጹትም።

መዝጊያውን ከዚያ ማንሳት አቃተኝ። ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ሌባ ይሆናል? ብዬ ተናደድኩበት፤ በሂርጂ ነው የተናደድኩት፣ በሞተ ሰው። በዚያ በኩል ማለፍም ተውኩ። ሳሄብ ለስብሰባ ወደ አሕመዳባድ ሄደው ነበር። እኔ መጋዘኑ ውስጥ በፋቅሁት ትንሽ ክብ አጠገብ ቁጭ ብዬ አረንጓዴ መበጥበጥ ጀመርኩ። አረንጓዴ አስቸጋሪ ነው፤ ትንሽ ቢጫ ሲበዛበት ይታመማል፣ ትንሽ ጥቁር ሲበዛበት ይሞታል። ለብዙ ቀን ጣሳ በጣሳ ላይ አበላሸሁ። ወሩ ቫይሻክ ነው፣ ድንጋዩ ሳይቀር የሚግልበት ጊዜ። ቆርቆሮው ከላዬ ይጮኻል፣ ሳሪዬ በላብ ከጀርባዬ ተጣብቋል።

ብዙ ደክሜ አንዷ ጣሳ የደረሰች መሰለኝ። ትንሹ ክብ ላይ ሳያት ትክክል ናት። ግን ትንሽ ቦታ ዓይንን ያታልላል፤ ሰፋ ያለ ነገር ላይ ማየት አለብኝ። ሰፊው ደግሞ ያ መዝጊያ ብቻ ነው። እየከፋኝ ወጣሁ።

ግቢው ጥግ ስደርስ መዝጊያው ላይ ሳይነሳ የሰነበተ አንድ የነሐስ ትሪ ተቀምጦበታል። በትሪው ላይ ተሸንሽኖ ጨው የተነሰነሰበት የማንጎ ዘር ይደርቃል፤ ከምግብ በኋላ የምናኝከው ነው። የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ፖፓት ሚስቱ የምትልክለትን ሁሉ በመጠገኛው ግቢ ነው የሚያደርቀው። የሞተ ሰው ሥራ ላይ፣ የሙዚየም ዕቃ ላይ። ስሙን ጠርቼ፣ ከአያቱ ጀምሬ እየሰደብኩት ትሪውን በሁለት እጄ አነሳሁ።

ስድቡን አልጨረስኩትም።

ትሪው ከነበረበት ቦታ ላይ እንደ ሮቲ ቂጣ ክብ የሆነ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ አረንጓዴ አለ። በዙሪያው ያለው መዝጊያ ሁሉ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ስል የማወራው ቀለም ሱቅ ስላለው አይደለም። የጣዎስ አንገት ነው፤ ወፉ ዞር ሲል የሚያበራው። መጀመሪያ ዓይኔ ላይ ፀሐይ መትቶኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። እዚያው ነው። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ አሸሁት፤ ያው ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ትሪው እቅፌ ውስጥ እንዳለ። በሕይወቴ ስንት ቀለም አይቻለሁ፤ ሲደበዝዝ፣ ሲላጥ፣ ሲሰነጠቅ። ሞቶ ሲነሳ ግን አላየሁም።

ፖፓት ስሙን በቁጣ ስጠራ ሰምቶ ሮጦ መጣ። መዝጊያውን ሲያይ ፊቱ ዓመድ መሰለ። የማንጎው ጨው ቀለሙን በላው ብሎ ነው የደነገጠው።

«ባኑቤን፣ በልጆቼ እምላለሁ ጨው አልፈሰሰም። ለሳሄብ እንዳትነግሪ፣ መልሼ አረንጓዴ እቀባዋለሁ።»

«ብትነካው እጅህን እቆርጠዋለሁ» አልኩት። ቀጥሎ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አለቀስኩ፤ እሱም ጨዋታውን ትቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

ሳሄብ እንደተመለሱ እጃቸውን ይዤ፣ አዎ፣ የአለቃዬን እጅ ይዤ፣ ወደ ጥጉ ወሰድኳቸው። ምንም አልነገርኳቸውም። ጎንበስ አሉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸው አቧራ ይንካው አይንካው ሳይሉ ተንበረከኩ። ከዚያ «የተልባ ዘይት» አሉ። ቀለሙ የተበጠበጠበት ዘይት ብርሃን ሲያጣ ወደ ቢጫ እንደሚሄድ፣ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ ቢጫው እንደሚለቀው መጽሐፍ ላይ አንብበው ነበር። ሰማያዊ ላይ ቢጫ ሲያርፍ አረንጓዴ ይሆናል። ማንበብና ማየት ግን ለየቅል ነው አሉኝ። ደግሞ በራሳቸው ሳቁ። ዕድሜ ልካቸውን ሥራቸው አሮጌ ነገርን ከፀሐይ መሸሸግ ነበርና።

እኔም ያኔ የወጥ ቤቴ በር ትዝ አለኝ። ቁም ሣጥን ያረፈበት ነጭ ቀለም ቢጫ ሆኖ ሲገኝ ጭስ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ምድጃውን ስረግም ኖሬአለሁ።

አንድ መዝጊያ ግን ለሳሄብ አይበቃም፤ መገመት የለም። ስለዚህ በሩንና በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ እስከ ሂርጂ ቀለም ድረስ ፋቅሁት። ይህን ሥራ ሳስበው አሁንም ክንዴን ያመኛል። አረንጓዴው በሙሉ ሲገለጥ ፖፓትና ሌሎቹ ፉርጎውን እየገፉ ከመጋዘኑ ወደ ውጭው ሐዲድ አወጡት። ለማነጻጸሪያ አንዷን ጣውላ በጆንያ ሸፈንን። ከዚያ ፀሐይን ከመጠበቅ ሌላ ሥራ አልነበረንም።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቀጥሎ አረንጓዴው የታጠበ መሰለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስመጣ በሩ ሰማያዊ ሊሆን እየጀመረ ነበር፤ ልክ ሰው ከረጅም ሕመም በኋላ ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ እንደምታየው። ከተማው ሰማ። አቧራ የለበሰ ጫማ ያደረጉ ገበሬዎች ከገበያ ሲመለሱ አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩታል። ሴቶች ልጅ አዝለው ይመጣሉ። ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። ፖፓት ራሱ፣ አንድ ነገር ሳይል ዝም ብሎ ግማሽ ቀን መቆም የቻለው ያን ሰሞን ብቻ ነው። ጆንያውን ስናነሳው ከሥሩ ያለችው ጣውላ አረንጓዴ ናት፣ ዙሪያዋ ጣዎስ ነው። አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ለበሩ ሰገዱለት። እኔም መስገድ አምሮኝ ነበር፤ ሳሄብ አጠገቤ ስለቆሙ አፈርኩ። ዞር ብዬ ሳያቸው እሳቸውም መዳፋቸውን ገጥመዋል።

ሞንጊባን ለማምጣት እኔ ራሴ ሄድኩ። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው አያምኑኝም ነበር። በሐዲዱ ዳር ወንበር አደረግንላቸው፤ አልተቀመጡም። በምርኩዛቸው እየተመሩ ወደ በሩ ተጠግተው ፊታቸውን ከቀለሙ ጋር ሊያገናኙ እስኪቃረቡ ቀረቡ። ዓይናቸው ቢደክምም ይህን አላጡትም። ቀስ ብለው ግንባራቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

ሳሄብ ሞንጊባ እስኪረጋጉ ጠብቀው በትሕትና አስረዷቸው። ሂርጂ ምንም አልሸጠም፣ የቦምቤዩን ቀለም ነው የቀባው፤ ፉርጎው ግን ጨለማ መጋዘን ውስጥ ተሸፍኖ ስለከረመ ዘይቱ ቢጫ ሆነ። የመጋዘኑን በር ትንሽ ከፈት አድርገው ፀሐይ ቢያስገቡለት ኖሮ ማንም ባልወቀሰው ነበር። ይህን ያሉት ለማጽናናት ነው።

ሞንጊባ ግንባራቸውን ከበሩ አነሱ።

«ተሸፍኖ ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ ተሸፍኖ። መጋዘኑም ሳይከፈት ስለኖረ።»

አሁን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ስንነግራቸው ያልተረዱ መስሎኝ ልደግምላቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«የሸፈነው አባቴ ነው። ፀሐይ ይበላዋል ብሎ ራጃውን እግሩ ላይ ወድቆ ለምኖ መጋዘን አስገባው። የመጋዘኑን ስንጥቅ ሁሉ በጆንያ ደፈነ። ጆንያ ሲያልቅበት የኛን ብርድ ልብስ ከላያችን ገፎ ወሰደ። በዚያ ብርድ ወራት እኔና ወንድሞቼ እናታችን ሥር ተሸጉጠን እያደርን፣ ፉርጎው ግን የኛን ብርድ ልብስ ለብሶ ነበር።»

ሳሄብ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ አጥተው መነጽራቸውን ይወለውሉ ጀመር። እኔ ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ የሞንጊባን እጅ ያዝኩ፤ ቀላል፣ ደረቅ እጅ ነው።

«አልሰረቀም» አሉኝ ለእኔ ብቻ። «ሳስቶለት ነው እንጂ አልሰረቀም።» ከዚያ ሳቁ፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው እንደ ልጅ፤ እንባቸው ደግሞ በሳቁ ላይ ይወርዳል።

ሳሄብ ያን ዕለት እዚያው ቆመው ወሰኑ። ፉርጎው በሙሉ በዚህ ሰማያዊ ይቀባል፣ በሩ ግን አይነካም፤ ሂርጂ እንደቀባው ይቀራል። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ስም ሞንጊባን ጠየቁ፤ እሳቸውም የአባታቸውን ስም ከነአያታቸው ጮክ ብለው ተናገሩ። አጥሩ ላይ የተደገፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ሪክሾ ልጥራልዎ ብላቸው አሁን አልሄድም አሉ፤ እዚያው በፀሐዩ ተቀመጡ። ሮቲና ድንች አመጣሁላቸው፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳያነሱ በሉ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዘበኛው እንደ ደንቡ ፉርጎውን ለአዳር ሊያለብሰው ትልቁን ሸራ ትከሻው ላይ ተሸክሞ መጣ። አዲስ ሰው ነው፣ የሆነውን አልሰማም። የሸራውን ጫፍ ገና በሩ ላይ ሲወረውር ሞንጊባ ከወንበሩ ተነሱ። እንደዚያ ፈጥነው የሚነሱ አልመሰለኝም ነበር። ምርኩዛቸውን በሸራውና በበሩ መካከል አስገቡ።

«ተወው ልጄ» አሉት። «አይበርደውም።»

ዘበኛው ግራ ተጋብቶ ወደ ሳሄብ አየ፣ ሳሄብ ወደ እኔ አዩ። ሸራውን ከሰውየው ተቀብዬ ጠቀለልኩትና ወደ መጋዘኑ ይዤው ሄድኩ።